ጉልቻው መቼ ወጣ? የማድ ቤታችን እሳት አጭር ታሪክ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ሲፈላ ወይም መብራት ሲጠፋ አንብቡት። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ ስናስተምር ማን ነገሠ፣ ማን ዘመተ፣ ማን ፈረመ እንላለን። እነዚያ ሁሉ ሲነግሡ፣ ሲዘምቱና ሲፈርሙ እራታቸውን ማን፣ በምን እሳት እንዳበሰለላቸው ግን መጽሐፉ አይነግረንም። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚያ ነው፤ ስለ ማድ ቤት እሳት። ያነሳሳኝ ደግሞ ቤታችን ያለው አሮጌ የጋዝ ምድጃ ነው። በኤሌክትሪክ ልንቀይረው ተስማማን። አሮጌው ከቤት ይውጣ አይውጣ በሚለው ላይ ግን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። ነገሩን ሳስበው ክርክሩ የሁለታችን ብቻ አይደለም። አገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረ ነው።

የምለውን አስቀድሜ ልናገር። በኛ አገር የማድ ቤት ታሪክ ውስጥ ምድጃ ይጨመራል እንጂ አይቀየርም። አዲስ በመጣ ቁጥር አሮጌው ጥግ ይይዛል፣ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ ከቤት ግን አይወጣም። ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ኋላ ቀርነት እናየዋለን። እኔ ግን ታሪኩን ባየሁት ቁጥር ከሁላችንም በላይ ነገሩ የገባቸው ማድ ቤት ያሉት ሴቶች እንደሆኑ ነው የሚታየኝ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ።

1. ሦስቱ ድንጋዮች

አማርኛ ትዳር ለያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይላል። አልጋ ገዛ፣ ቤት ሠራ አይልም። ሦስት ድንጋይ ካለ ቤት አለ ማለት ነው። ቁጥሩም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ቢንጋደድም አይናወጥም።

ጉልቻ ዋጋ የለውም። ለድስትም ለምጣድም ይሆናል። እንጨት፣ ጭራሮ፣ ኩበት፣ የማሽላ አገዳ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። እዚህ አፋር ውስጥ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ይገባችኋል። አርብቶ አደሩ ሲነሳ የደቦይታው ምንጣፍና ዘንግ ግመል ላይ ይጫናል፤ ድንጋዮቹ እዚያው ይቀራሉ። የሚቀጥለው ሰፈር የራሱ ድንጋይ አለው። ወደ ጨው ሜዳው የሚወርዱት የደጋ ሰዎች ምጣድ እንኳን ሳይዙ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልለው ፍም ላይ ይጋግራሉ፤ ቡርኩታ የሚባለው ዳቦ ነው። ድንጋዩ ምድጃም ምጣድም ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ ጭሱ ነው። ጉልቻ በሦስት በኩል ክፍት ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት ድስቱን ሳይነካ ይበተናል፤ ማገዶው በደንብ ስለማይቃጠል ደግሞ የቀረው ጭስ ሆኖ ሴትዮዋ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከነዚህ ውስጥ እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው የሚያስሉ ሕፃናትም አሉ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ሹም ሲሻር፣ ሌላ ሹም ሲመጣ የምንለው ነው። እውነት ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ቢቀየር ወጡ ያው ነው። ግን ጉልቻው ጭስ በሌለው ምድጃ ቢቀየርስ? ወጡ ባይጣፍጥም ያበሰለችው ሰው ዓይኗ ይድናል። ተረቱ የተናገረው ስለሚበላው ሰው ነው፤ ስለምታበስለዋ አይደለም።

2. ዋና ከተማውን ያስነሳ ማገዶ

ማገዶ መንግሥትን ምን ያህል እንደሚገፋ ለማየት አዲስ አበባን ማየት ይበቃል። ከተማዋ በ1879 ስትቆረቆር ዙሪያዋ ደን ነበረው። አስር ምናምን ዓመት ሳይሞላ ደኑ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት ከተሞች እንዲህ ሲሆን መፍትሔ ነበራቸው፤ ድንኳን ነቅሎ ደን ወዳለበት መሄድ። ምኒልክም በ1890ዎቹ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ስሙ ራሱ ምን እንደታሰበ ይናገራል።

ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ገባ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ከተማዋን ከበባት። ምኒልክ ከተማ መቀየሩን ተዉት።

እዚህ ላይ አስተውሉ። የተቀየረው ዛፉ ነው። ጉልቻው እንዳለ ነው። መንግሥት የማገዶ ችግር ሲገጥመው ማድ ቤት አልገባም፤ ጫካ ነው የገባው። ማገዶውን ከእንጦጦ ወደ ከተማው ያወረደውም የሴቶች ጀርባ ነው። ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከምኒልክ እስከ ዛሬ ድረስ ስንት ሥርዓት ሲቀየር ያ ሸክም አልተቀየረም።

3. ፈርኔሎ፣ ፕሪሙስና በደጃችን የሚያልፈው ቦቴ

ከሰል ማንደጃውን ፈርኔሎ እንለዋለን። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። ሲሊንደሩን ደግሞ ቡታጋዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ እሱ የፈረንሳይ ኩባንያ ስም ነበር። ፕሪሙስ የምንለው በፓምፕ የሚሠራው የላምባ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1892 ስቶክሆልም ውስጥ የወጣ የስዊድን ሥራ ነው። እንግዲህ ጉልቻ፣ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድ የራሳችን ቃላት ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ምድጃ ሁሉ ስሙን ከውጭ ይዞ መጣ። ስሙን ብቻ ግን አይደለም፤ ከፈርኔሎ በቀር ነዳጁንም ከውጭ ነው ያመጣው። ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

ላምባ ለከተማ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር። ክብሪት ጫር፣ ክሩን ከፍ፣ አለቀ። በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ አዲስ አበባን ጨምሮ በትልልቅ ከተሞች ወጥ የሚሠራው፣ ሻይ የሚፈላው በብዛት በላምባ ነበር። የሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የነበረው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፤ ከአሰብ የሚነሳው ቦቴ በኛ በኩል አልፎ በሚሌ አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። በዓመቱ የኤርትራ ጦርነት ሲመጣ የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋ፤ ቦቴው መነሻውን ጅቡቲ አድርጎ በጋላፊ በኩል መምጣት ጀመረ። ሎጊያ ያኔም ዛሬም በመንገዱ ላይ ናት። አዲስ አበባ ማድ ቤት የሚነደው ላምባ በኛ ደጅ አልፎ ነው የሚሄደው፤ ሹፌሩ እዚህ ምሳ ይበላል፣ ምሳው የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ በከሰል ነው።

ከውጭ የሚመጣ እሳት ጌታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ተሰቀለ፤ በየካቲት 1966 እዚህ ቤንዚን ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም ወጡ። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቀነሰ፤ ሥርዓቱ ግን በዓመቱ አልነበረም። አብዮቱ በቤንዚን ብቻ መጣ ማለቴ አይደለም። ሩቅ አገር የሚወሰን ዋጋ ቤታችን ድረስ እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

በኋላም መንግሥት ላምባን ሲደጉም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ድጎማውን አነሳ። ከዚያም ሲጨምር ሲቀንስ ከርሞ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተወሰነ። ላምባ ከናፍጣ ከረከሰ አጭበርባሪው ናፍጣ ውስጥ ይቀላቅለዋል፤ ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ማቀራረብ የግድ ነው ተባለ። ምክንያቱ ለኢኮኖሚስት ትክክል ሊሆን ይችላል። ማድ ቤት ያለችው ሴት ግን ናፍጣ የሚነዳ መኪና የላትም። እሷ የምታውቀው ትናንት በሻይ ብርጭቆ እየሰፈረች ትገዛው የነበረው ላምባ ዛሬ እንደማይሆን ነው። ምን አደረገች? ፈርኔሎውን ከጓሮ አመጣች። ጥላው ቢሆን ኖሮስ?

4. የአዋሽ ውኃና የኤሌክትሪክ ምጣድ

የቆቃ ግድብ በ1952 ተመረቀ። ጣሊያን በጦርነት ካሳ በሰጠችው ገንዘብ የተሠራ፣ 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ነው። ከዚያ አዋሽ ሁለትና ሦስት ተከተሉ። አዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየገባ የመጣው በዚህ መብራት ነው። በኔ ዕይታ በማድ ቤታችን ታሪክ ትልቁ ፈጠራ እሱ ነው፤ የሸክላውን ምጣድ ሳይነካ ሥሩ ቦይ አውጥቶ ጥምዝምዝ ሽቦ አስገባበት። ምጣዱ የራሳችን፣ እሳቱ አዲስ። እንጀራው ዓይን አወጣ፣ ጭሱ ጠፋ።

ግን የዚህን ወንዝ ጫፍ የያዝነው እኛ ነን። አዋሽ ከቆቃ ተነስቶ በአዋሽ ከተማ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲ፣ በአሳይታ አድርጎ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ባሕር አይደርስም። ግድቡ ጎርፉን ሲይዘው ታች ላይ ሰፋፊ እርሻ መክፈት ተቻለ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ተከለ፤ መካከለኛው አዋሽም ታረሰ። የታረሰው መሬት ባዶ አልነበረም። አፋር በበጋ ከብቱን ይዞ የሚወርድበት፣ ጎርፉ ሲሸሽ ሣር የሚበቅልበት ነበር። ወንዙ ላይኛው ጫፍ ላይ መብራት ሆነ፤ ታችኛው ጫፍ ላይ የግጦሽ መሬት ወሰደ። መብራቱ ወደዚህ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መብራቱ ከመጣ በኋላስ? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 አንድ ላይ እንደማብራት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ይደክማል። ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ፦ ሙቀቱ የሚቀንሰው ቮልቴጁ በቀነሰው ልክ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነው። 220 መሆን የነበረበት 180 ሲሆን ቮልቴጁ አንድ አምስተኛ ያህል ነው የወረደው፤ የምጣዱ ኃይል ግን አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ለዚህ ነው መብራት እያለ እንጀራው ነጭ ሆኖ ዓይን ሳያወጣ የሚቀረው። ሊጡ ቦክቶ፣ አብሲቱ ተጥሎ፣ ምጣዱ ግማሽ ላይ ሲቀዘቅዝ ሊጡ አይጠብቅም። ይኮመጥጣል፣ በተለይ እዚህ በሰኔ ሙቀት።

5. ላቀች፣ ምርጥ እና ትክክል

መንግሥት በርግጥም ወደ ማድ ቤት የቀረበበት ጊዜ አለ። ከደርግ መውደቅ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት የኢነርጂ ባለሙያዎች ሁለት ምድጃ ይዘው መጡ። አንዱ ላቀች ነው፤ ከኬንያው የሸክላ ጂኮ የተወሰደ፣ ውስጡ ሸክላ ውጪው ቆርቆሮ የሆነ የከሰል ምድጃ፤ ከተለመደው ፈርኔሎ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ሌላው ምርጥ ነው፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ የእንጨት ምድጃ፤ በደንብ ከተያዘ ማገዶውን በግማሽ ይቀንሳል። በኋላ ለድስት የሚሆን ትክክል የሚባል ተጨመረ። የቤታችን ማገዶ ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው እንጀራ ላይ ስለሆነ ምርጥ ምድጃ ላይ የወጣው ድካም ከንቱ አልነበረም።

ስሞቹን ተመልከቱ፦ ላቀች፣ ምርጥ፣ ትክክል። የቀደመው ምድጃ ስሙን ከውጭ አመጣ አልኩ፤ እነዚህ አማርኛ ናቸው። ነዳጃቸውም የአገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ነው ብዙ ቤት የገቡት። ያም ሆኖ እነሱም ተጨመሩ እንጂ አልቀየሩም። ድግስ ሲሆን ትልቁ ብረት ድስት የሚጣደው ጉልቻ ላይ ነው። ከ10 የኢትዮጵያ ቤተሰብ 9ኙ ገደማ ዛሬም እንጨት፣ ከሰል ወይም ኩበት ያነዳል።

6. ደርጊ ሃራ

ስለ ሎጊያ ከሰል ሳይወራ ይህ ታሪክ አይሞላም። ከተማችን ዙሪያ እሾሃማው ፕሮሶፒስ አለ። ከደቡብና መካከለኛው አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ላይ ለንፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተተከለ። አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ እንደማለት። በአንዳንድ ቦታ በወያኔ ስምም ይጠራል። ዛፉ ያው አንድ ዛፍ ነው፤ የሚጠራበት መንግሥት ብቻ ተለዋወጠ። እዚህ ላይ የጉልቻው ተረት በትክክል ይሠራል።

ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በእበቱ እየዘራ ይሄዳል። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ ሣሩን ከልሎታል፣ ውኃ ዳር ያለውን መንገድ ዘግቶታል። ታዲያ «ለምን ከሰል አናደርገውም?» ተባለ። የከሰል ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጠላትን እያጠፉ ገቢ ማግኘት። የሆነው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፕሮሶፒስ ሲቆረጥ ሥሩ ካልተነቀለ በብዙ እጥፍ ያቆጠቁጣል። ሁለተኛ፣ ከሰል ጆንያ ውስጥ ከገባ ከየትኛው ዛፍ እንደወጣ አይለይም፤ በፕሮሶፒስ ፈቃድ የአገሩ ግራርም አብሮ ተቆረጠ። 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ደግሞ 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይቃጠላል። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለሰው መኪና ጆንያውን ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ እናየዋለን። ያኔ ላምባ ብቻ ነበር በደጃችን የሚያልፈው፤ አሁን ከሰሉም ያልፋል።

ዘንድሮ ተማሪዎቼን ቤታቸው ውስጥ እሳት የሚነድበትን ነገር ሁሉ እንዲጽፉ አድርጌ ነበር። አንድ ብቻ የጻፈ ተማሪ አልነበረም። ምጣድ፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ፈርኔሎ፣ ሲሊንደር፣ ጓሮ ያለ ጉልቻ። አንዷ ልጅ ከዝርዝሩ ጎን «መብራት ሲኖር»፣ «መብራት ሲጠፋ»፣ «እንግዳ ሲመጣ» ብላ ጽፋበታለች። ለኔ ይህ የምርምር ወረቀት ነው። መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት ሲመጣ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሴቶቹ ወንበር ክፍት ይሆናል፤ የወንዶቹ ሞልቶ። ምጣዱ መብራት ሲመጣ ነው የሚጣደው፤ ሰዓቱን ደግሞ ልጅቷ አትወስነውም።

7. ምድጃ በእውነት የተቀየረበት አገር

«ታዲያ ሌላው አገር እንዴት ቀየረ?» የሚል ሰው ይኖራል። እንግሊዝን ልንገራችሁ፤ እነሱም ጭስ በደንብ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ የድንጋይ ከሰል ጭስ ከጭጋግ ጋር ተቀላቅሎ አምስት ቀን ሰፍኖ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ከአራት ዓመት በኋላ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ሕጉ «ከሰል አታንዱ» ብሎ ብቻ አልቆመም፤ ጭስ በተከለከለበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ማንደጃውን ለመቀየር ከሚያወጣው አብዛኛውን መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ከፈሉለት።

ብዙው ሰው የከሰሉን ማንደጃ አውጥቶ በዚያው ጉድጓድ የጋዝ እሳት አስገባ፤ ከጀርባው ውኃ የሚያሞቅ ጋን ተደርጎለት። አንዱ እሳት ከፊት ክፍሉን፣ ከኋላ የገላ ውኃውን ያሞቃል። ቀጥሎ ከባሕር ሥር አዲስ ዓይነት ጋዝ ሲገኝ አሮጌው ምድጃ ለአዲሱ ጋዝ አልሆን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1977 ባሉት አስር ዓመታት ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ምድጃ አንድ በአንድ ለአዲሱ ጋዝ አስተካከሉ፣ የማይሆነውን ቀየሩ። የጋዝ ድርጅቱ ነው ወጪውን የያዘው። ዛሬ ደግሞ ያው የጋዝ እሳትና ከጀርባው ያለው ጋን ነዳጅ ያባክናል ተብሎ በተራው እየወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አዲስ የሚገባው ማሞቂያ ቆጣቢ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል።

እንግሊዞቹ ከኛ ሴቶች ይልቅ አዲስ ነገር ወዳድ ስለሆኑ አይደለም። አሮጌውን የጣሉት ሦስት ነገር ስለነበራቸው ነው። አንደኛ፣ አዲሱ እሳት እንደማይቋረጥ ያምኑ ነበር። ሁለተኛ፣ ወጪውን ብቻቸውን አልተሸከሙም። ሦስተኛ፣ ባለሙያ ቤታቸው ገብቶ አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን ተክሎ፣ ሲሠራ አይቶ ሄደ። እኛ ጋ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ላምባ ሲመጣ ርካሽ ነበር፣ ዋስትና አልነበረውም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2018 ሳይጨምር ቆይቷል፣ መብራቱ ግን ይጠፋ ነበር። ምርጥ ምድጃ ባለሙያ ነበረው፣ ነዳጁ ግን ያው እንጨት ነው።

8. አሁንስ?

አሁን ያለንበት ጊዜ ደግሞ ልዩ ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት፤ ከቆቃ 100 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦጋዴን ውስጥ የተገኘው የካሉብ ጋዝ ግማሽ ክፍለ ዘመን ተኝቶ በመስከረም 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። እኛ ጋ ደግሞ አላሎባድ አለ፤ ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ ውኃው ከመሬት ውስጥ እየፈላ ይወጣል። ዱብቲ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጣሊያን ድጋፍ ለእንፋሎት ኃይል ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በዳባሁ ተራራ በኩል አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ላይ ድንጋይ ከምረው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው የሚጠጣ ውኃ ያወጣሉ። መሬቱ ራሱ ምድጃ የሆነበት አገር ተቀምጠን ነው ከሰል የምናራግበው።

እሳት አጣን ማለት አንችልም እንግዲህ። የጎደለው ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ነው፦ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦው፣ ቆጣሪው፣ ምጣድ የሚጠግነው ልጅ፣ ለደመወዝተኛ ምጣድ በብድር የሚሰጠው ማኅበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ለመስመር ማሻሻያ ከዋለ እኔ በበኩሌ አልቃወምም። ግን የሰፈር ትራንስፎርመር ቁጥር ሲወጣ አምፖል ብቻ ሳይሆን ምጣድም ይቆጠር። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ምጣድ እንደሚጣድ የማያውቅ መሐንዲስ የሎጊያን መስመር ሊያሰላ አይችልም። ማን ይነግረዋል? እናቶቻችን። ጠይቋቸው ተብሎ ያውቃል?

ወደ ቤታችን ክርክር ልመለስ። እኔ «አሮጌው የጋዝ ምድጃ ይሸጥ፤ ማድ ቤቱ ይስፋ» አልኩ። ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ ወራት አልፈዋል፤ የሚሞላበት ቦታ ጋዝ ያለ ቀን እኔ የለሁም፣ እኔ ያለሁ ቀን ጋዝ የለም። ባለቤቴ እጇን ሊጥ ውስጥ እንዳደረገች አንድ ነገር ነው የመለሰችልኝ፦ «መብራቱ አንድ ወር ሙሉ ሳይጠፋ ይክረምና ያኔ እኔው ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ።»

በመቶ ዓመቱ ውስጥ የተናገሩት ሚኒስትሮችና ባለሙያዎች ሁሉ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ያስቀመጡ አይመስለኝም። አገር ሠለጠነ የሚባለው ስንት ሜጋ ዋት አመነጨ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ስንት ሴት አሮጌውን ምድጃ ሳትፈራ ጣለች ተብሎም ነው። ያን ቀን የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አንድ መስመር እንዲገባ እፈልጋለሁ፦ በዚህ ዓመት ጉልቻው ወጣ።

እስቲ እናንተም ተናገሩ። ቤታችሁ ስንት ዓይነት እሳት አለ? ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ያለ ስጋት መጣል ትችላላችሁ? መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ፦ ራሳችሁ አትመልሱ፤ ማድ ቤት ያለውን ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ።